ከባቡሩ ሐዲድ በኋላ የተመለሰ ሸክላ

እ.ኤ.አ. 1977 በጅቡቲ ባቡር ጣቢያ ታሪክ የማይረሳ ዓመት ነው። ጁን 27 ቀን ጅቡቲ ነጻነቷን አወጀች፤ በዚያው ዓመት ደግሞ የኦጋዴን ጦርነት ድልድዮችን አፍርሶ ከጣቢያው ተነሥቶ በድሬዳዋ በኩል አዲስ አበባ የሚደርሰውን 784 ኪሎ ሜትር ያህል መስመር ቆረጠው። በመስመሩ ማዶ ጫፍ፣ በአዲስ አበባ፣ በዚያው ዓመት አንድ ሸክላ ታተመ፤ የዋልያስ ባንድ «ቸ በለው»።

ዋልያስ በሂልተን ሆቴል የሚጫወት ቡድን ነበር። የደርግ ሰዓት እላፊ ታዳሚውን እዚያው ስለሚያሳድረው ሙዚቀኞቹም እስኪነጋ ይጫወቱ ነበር። በ1975 «ትዝታ» የተሰኘውን የመጀመሪያ ካሴታቸውን አወጡ፤ ከሁለት ዓመት በኋላ በካይፋ ሪከርድስ የታተመው «ቸ በለው» ደግሞ በሸክላ የመጀመሪያው ሙሉ አልበማቸው ሆነ። ኦርጋኑን ኃይሉ መርጊያ፣ ቫይብራፎኑን ሙላቱ አስታጥቄ ተጫውተውበታል። ድምፃዊ ግንባር ቀደም በሆነበት ዘመን የሙዚቃ መሣሪያን ማስቀደም ድፍረት ይጠይቅ ነበር። የግርማ በየነ ድርሰት የሆነው «ሙዚቃዊ ስልት» በኋላ በውጭ አገር ባንዶች ጭምር ተደጋግሞ ተጫውቷል።

የባቡሩ መስመር ከጦርነቱ በኋላ ተጠግኖ ጉዞው ቀጠለ። የሸክላው ጉዞ ግን ለረዥም ዘመን ተቋረጠ። በ1981 ባንዱ ለሙዚቃ ዝግጅት ወደ አሜሪካ ሲሄድ፣ ኃይሉንና ግርማን ጨምሮ ከፊሉ እዚያው ቀረ። ኃይሉ በዋሽንግተን አካባቢ ታክሲ እየነዱ፣ ተሳፋሪ እስኪመጣም በመኪናቸው ውስጥ ኪቦርድ እየተለማመዱ ዓመታት አሳለፉ። አልፎ አልፎ የሚገኘው ሸክላ በሰብሳቢዎች መካከል በውድ ዋጋ ሲሸጥ፣ ከዚያ ሽያጭ ለሙዚቀኞቹ የሚደርስ ነገር አልነበረም።

ለውጡ የመጣው ከባሕር ዳር ነው። ብራያን ሺምኮቪትዝ የተባለ አሜሪካዊ አሳታሚ በዚያች ከተማ ኃይሉ በ1985 ያወጡትን ካሴት አገኘ፤ ባለቤቱንም አፈላልጎ ስልክ ደወለላቸው። ካሴቱ በ2013፣ «ቸ በለው» በ2014 እንደገና ታተሙ። ኃይሉ ወደ መድረክ ተመለሱ፤ በ2018ም አዲስ አልበም አወጡ። የቡድኑ የበኩር ሥራ «ትዝታ» ግን ከሁሉም ዘግይቶ በ2021 ታተመ።

የተቆረጠን ሐዲድ የመንግሥት በጀትና የሠራተኛ ጉልበት ይቀጥለዋል። የተረሳን ሙዚቃ በክብር ለመመለስ ግን በቅድሚያ ባለቤቱን፣ ገና በሕይወት ሳለ፣ ፈልጎ ማግኘት ያስፈልጋል።