ስለ ብርና ስለ ዶላር ምንዛሪ

የአንዱ አገር ገንዘብ በሌላው አገር ገንዘብ ሲመነዘር የሚነገረው ቍጥር ለብዙ ሰው የባንክ ጸሓፊዎች ጉዳይ ብቻ ይመስለዋል። ነገር ግን ይህ ቍጥር ከባንኩ መስኮት አልፎ እስከ ቡና ተካዩ ገበሬ ጓሮ የሚደርስ ስለ ሆነ፥ ዛሬ የኢትዮጵያ ብርና የአሜሪካ ዶላር በምን ሒሳብ ሲመነዘሩ እንደ ኖሩ ጥቂት እንናገራለን።

ጠላት ከአገራችን ከወጣ በኋላ በገበያው ላይ የማርያ ትሬዛ ጠገራ ብር፥ የጣሊያን ሊሬ፥ ከእንግሊዝ ጦር ጋራ የገባው የምሥራቅ አፍሪካ ሽልንግም ተቀላቅለው ይሠራባቸው ነበር። ሐምሌ 16 ቀን 1937 ዓ.ም አዲሱ የኢትዮጵያ ብር በአዋጅ ሲወጣ ዋጋው በወርቅ ተለክቶ፥ ለአንድ ብር 0.36 ግራም ገደማ ንጹሕ ወርቅ ተወሰነለት። በዚያን ጊዜ አንድ አውንስ ወርቅ በ35 ዶላር ስለ ተመደበ፥ ሁለቱ ገንዘቦች በወርቁ ሲተያዩ አንድ ዶላር 2 ብር ከ48 ሳንቲም ሆነ። ቍጥሩ ጐዶሎ መምሰሉ ያለ ምክንያት አይደለም፤ አንድ ብር ከሁለት ሽልንግ ጋራ እኩል እንዲሆን ታስቦ ነበርና። እነሆ፥ ሽልንጉ ከገበያ ከጠፋ ከብዙ ዘመን በኋላ እንኳ የአዲስ አበባ ሰው 50 ሳንቲሙን «ሽልንግ» ሲል መኖሩ የዚያ ምንዛሪ ቅሪት ነው። የወረቀት ገንዘብ ለማያምነው ሕዝብ ይህ 50 ሳንቲም ከብር ማዕድን ተቀርጾ ቀረበለት፤ ማዕድኑን የሰጠችውም አሜሪካ ነበረች።

መስከረም 8 ቀን 1942 ዓ.ም እንግሊዝ ፓውንዷን ከ4 ዶላር ከ3 ሳንቲም ወደ 2 ዶላር ከ80 ሳንቲም ዝቅ ስታደርግ የጎረቤቶቻችን ሽልንግ አብሮ ወረደ። ኢትዮጵያ ግን አልተከተለችም። ስለዚህ 10 ብር የነበረው ፓውንድ ከ7 ብር በታች ሆነ። በዚህ ቡናችን ገዢ ያጣ ነበር የሚያሰኝ ነበር፤ ነገር ግን ዋናዋ ገዢ አሜሪካ የምትከፍለው በዶላር ነበር፥ የቡናም ዋጋ በዓለም ገበያ በእነዚያ ዓመታት እየናረ ሄደ። ጉዳቱ ሳይታይ የቀረው ስለዚህ ነው።

በ1956 ዓ.ም ምንዛሪው 2 ብር ከ50 ሳንቲም ሆነ፤ ትንሽ ማስተካከያ ነበረ። ከዚያም ፕሬዚዳንት ኒክሰን ነሐሴ 9 ቀን 1963 ዓ.ም ዶላርን በወርቅ መለወጥ አቆሙ። አሜሪካ ዶላሯን በ1964 እና በ1965 ዓ.ም ሁለት ጊዜ ስትቀንስ ብራችን በወርቁ ልክ ጸንቶ ስለ ቆየ፥ ዶላሩ መጀመሪያ 2 ብር ከ30 ሳንቲም፥ ቀጥሎ 2 ብር ከ7 ሳንቲም ገደማ ሆነ። ብሩ ከበረ ተባለ እንጂ ከስፍራው አልተንቀሳቀሰም፤ የወረደው ሌላው ነው።

ከዚህ በኋላ ያለው ዘመን የሚያሳስብ ነው። መንግሥት ተለወጠ፤ በውጭ ቋንቋ «የኢትዮጵያ ዶላር» ሲባል የኖረው ገንዘብ ከ1969 ዓ.ም ወዲህ በሁሉም ቋንቋ «ብር» ተባለ፤ ምንዛሪው ግን 19 ዓመት ያህል ከ2 ብር ከ7 ሳንቲም ንቅንቅ አላለም። በዚያ ሁሉ ዓመት ጦርነት ነበረ፥ ድርቅ ነበረ፥ የአገር ውስጥ ዋጋ በእጥፍ ድርብ ተወደደ። የመቶ ዶላር ቡና ወደ ውጭ ሲላክ በአገር ውስጥ የሚመነዘረው 207 ብር ብቻ ሲሆን፥ ከዚያም ላይ ቀረጡና ትርፉ ተነሥቶ የቀረው ነው ለገበሬው የሚደርሰው። በዚያው ቍጥር መኪናና የውጭ ዕቃ የሚያስገባው ግን በርካሽ ይገዛ ነበር። ዶላሩን የሚያገኝ አንዱ፥ በርካሽ የሚወስደው ሌላው ሆነ ማለት ነው። ሰኔ 1981 ዓ.ም የዓለም የቡና ስምምነት ኮታ ሲፈርስና ዋጋው ሲወድቅ ችግሩ ባሰ። ቡናውም ከብቱም በኮንትሮባንድ ድንበር መሻገሩ፥ ዶላሩም በጥቁር ገበያ ከመንግሥቱ ዋጋ እጅግ በላይ መሸጡ የሚያስደንቅ አልነበረም።

መስከረም 21 ቀን 1985 ዓ.ም ዶላሩ በአንድ ጊዜ 5 ብር ተባለ። ያው የመቶ ዶላር ቡና 500 ብር ሆነ፤ መድኀኒትና ነዳጅም እንዲሁ በዚያው ልክ ተወደደ። በ2002 ዓ.ም መጨረሻና በጥቅምት 2010 ዓ.ም ብሩ በመንግሥት ውሳኔ ዳግመኛ ተቀነሰ። በመጨረሻም ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም ምንዛሪው ለገበያ ተለቀቀ፤ የመጀመሪያው ብር ከወጣ 79 ዓመት ከ6 ቀን መሆኑ ነው። በዚያ ቀን 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በንግድ ባንክ 74 ብር ከ73 ሳንቲም ተገዛ፤ ጥቂት ወራት ሳይሞላም ከ100 ብር አለፈ። ቡናውን የሚሸጠው ገበሬ ከቀድሞው የበዛ ብር ሲቈጥር፥ እህል የሚዘራው ጎረቤቱ ግን የሚሸጠውን በብር ሸጦ፥ በዶላር ተገዝቶ የሚገባውን ማዳበሪያ በአዲሱ ሒሳብ ይጠብቅ ነበር።