ዙፋኑ ዝም ሲል ማን ይነሳል? ከሰገሌ እስከ ሰርቨር ክፍል

«ሲስተም የለም።» ይህችን ቃል በባንክ መስኮት ላይ ያልሰማ ሰው ካለ እሱ ዕድለኛ ነው። ሰልፈኛው ያጉረመርማል፣ ሠራተኛዋ ትከሻዋን ትነቀንቃለች፣ ሁሉም ኔትወርኩን ይረግማል። እኔ ግን ዛሬ ሌላ ጥያቄ ላንሳ፤ አንዱ ማሽን ቢወድቅ ተተኪው የት ሄደ?

አንድ ድርጅት ሂሳባችንን የሚመዘግብበት ዳታቤዝ በአንድ ሰርቨር ላይ ብቻ እንዲቀመጥ አይመከርም። ዋናው የሚጽፈውን ሁሉ እየተከተለ የሚገለብጥ ተጠባባቂ ሰርቨር ሊኖር ይገባል። ዋናው ሲሞት ተጠባባቂው ተነስቶ ሥራውን ይረከባል። ባለሙያዎቹ ይህን ፌይሎቨር ይሉታል። ሲነገር ቀላል ይመስላል፤ ችግሩ ያለው ግን ማሽኑን መግዛቱ ላይ አይደለም። ችግሩ ሦስት ነገሮችን አስቀድሞ መወሰኑ ላይ ነው፦ ተጠባባቂው የት ይቀመጥ? ዋናው መሞቱን ማን ይፍረድ? አሮጌው ተመልሶ እንዳያዝ ማን ይከልክለው?

እነዚህ ሦስት ጥያቄዎች ለእኛ አገር አዲስ አይደሉም።

የመጀመሪያውን እንይ። የመካከለኛው ዘመን ነገሥታት ወንድ ዘመዶቻቸውን አምባ ግሸን ላይ ያስቀምጡ ነበር። ዓላማው ሁለት ነው፤ ንጉሡ በሕይወት ሳለ እንዳያምፁበት፣ ሲሞት ደግሞ ተተኪ እንዳይጠፋ። ነገር ግን ተጠባባቂው ሁሉ በአንድ ተራራ ላይ ነበር። በ16ኛው መቶ ዘመን፣ በኢማም አህመድ ጦርነት ጊዜ፣ አምባው ተይዞ ተዘረፈ፤ የንጉሣውያን ማቆያነቱም በዚያው አበቃ። የሸዋ ነገሥታት ትውፊት እንደሚለው ደግሞ ከአፄ ልብነ ድንግል ልጆች አንዱ አቤቶ ያዕቆብ መንዝ ውስጥ ተጠግቶ ቀረ። ከትውልዶች በኋላ ከዚያው ከመንዝ ነጋሢ ክርስቶስ ተነሳ፤ የሣህለ ሥላሴም የምኒልክም ሐረግ የሚቆጠረው ከእርሱ ነው። ትርጉሙ ግልጽ ነው፤ ዋናውና ተጠባባቂው በአንድ ሕንፃ፣ በአንድ የመብራት መስመር ላይ ካሉ ሁለት አይደሉም፣ አንድ ናቸው።

ሁለተኛው ጥያቄ ይከብዳል። አፄ ምኒልክ በ1901 ዓ.ም. ልጅ ኢያሱ አልጋ ወራሽ እንዲሆን ወሰኑ። በ1902 መጀመሪያ ሕመሙ ጸንቶባቸው መናገር ተሳናቸው። ንጉሡ አልሞቱም፣ ግን አይመልሱም። በስማቸው እቴጌ ጣይቱ ያዙ፣ እቴጌይቱ በ1902 ከሥልጣን ገለል ሲደረጉ እንደራሴው ራስ ተሰማ ናደው ያዙ፣ እርሳቸው በ1903 ሲሞቱ ኢያሱ ራሱ ያዘ። ምኒልክ ታኅሣሥ 3 ቀን 1906 ዓ.ም. ሲያርፉም ዕረፍታቸው ለሕዝብ በይፋ አልተነገረም። ኢያሱም ዘውድ ሳይጭን ቆየ።

በሰርቨር ቋንቋም ጉዳዩ ይኸው ነው። ተጠባባቂው በየጥቂት ሴኮንዱ «አለህ?» እያለ ዋናውን ይጠይቃል። መልስ ሲያጣ ግን ማሽኑ ይሙት ወይም መሐል ያለው ሽቦ ይበጠስ አያውቅም። የሚጠብቀው ጊዜ በጣም ካጠረ በትንሽ መዘግየት ሕያው ዋና ይሻራል፤ በጣም ከረዘመ አገልግሎቱ ተዘግቶ ይውላል። ስለዚህ ፍርዱ ለአንድ ምስክር አይተውም። ቢያንስ ሦስት ድምፅ ሰጪ ይቆምና አብዛኛው ካልተስማማ ማንም አይነሳም።

ሦስተኛው ጥያቄ ደም ያፈሰሰ ነው። መስከረም 17 ቀን 1909 ዓ.ም. መኳንንቱ አዲስ አበባ ተሰብስበው፣ አቡነ ማቴዎስ ከመሐላው ፈትተዋቸው፣ ኢያሱን ሻሩ፤ ዘውዲቱን ንግሥት፣ ተፈሪን አልጋ ወራሽ አደረጉ። ድምፁ ሞልቷል። ኢያሱ ግን ሐረር ነበር፤ አባቱ ንጉሥ ሚካኤልም ወሎ ላይ ሙሉ ጦር ይዘዋል። ለአንድ ወር ኢትዮጵያ ሁለት ትእዛዝ ነበራት። ራስ ልዑልሰገድ ቶራ መስክ ላይ ወደቁ። ጥቅምት 17 ቀን ሰገሌ ሜዳ ላይ ንጉሥ ሚካኤል ድል ሆነው ተማረኩ። ኢያሱ እስኪያዝ እስከ 1913 ተሸሸገ፤ በ1924 ደግሞ ከታሰረበት ፍቼ አምልጦ እንደገና ተያዘ።

ባለሙያዎቹ ይህን ስፕሊት ብሬይን ይሉታል፤ ሁለት ሰርቨር እያንዳንዱ «ዋናው እኔ ነኝ» ብሎ ሲጽፍ ማለት ነው። በጥቅምት 2011 ዓ.ም. ጊትሃብ በተባለው የፕሮግራመሮች መድረክ ላይ ደርሷል። በጥገና ሥራ መሐል በአሜሪካ ምሥራቅ ዳርቻ ያለው ግንኙነት ለ43 ሴኮንድ ተቋረጠ። አውቶማቲኩ ሥርዓት ዋናነቱን ወደ ምዕራብ ዳርቻ አዛወረ። ምሥራቁ ግን ለምዕራቡ ያልደረሱ ጽሑፎች ይዞ ነበር፤ ምዕራቡም የራሱን ጨመረ። ያንን ለማስታረቅ አገልግሎቱ ለ24 ሰዓት ከ11 ደቂቃ ተጓደለ። መድኃኒቱ አዲሱን ከማንሳት በፊት አሮጌውን መቁረጥ ነው፤ አስፈላጊ ከሆነ መብራቱን እስከማጥፋት ድረስ።

«የኛን ምን አገናኘው?» የሚል ይኖራል። መጋቢት 2016 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ንግድ ባንክ ሲስተም ለሰዓታት ተዛብቶ ሰዎች ከሂሳባቸው በላይ ገንዘብ ወስደዋል። ያ የፌይሎቨር ጉዳይ ነበር እያልኩ አይደለም። ግን አንድ ነገር አስተምሮናል፤ የተሳሳተ መልስ የሚሰጥ ሲስተም ከዘጋው ይብሳል። አዛውንቷ ጡረታቸውን፣ ነጋዴው ሽያጩን፣ ተማሪው መታወቂያውን በስልክ ውስጥ ባስቀመጠበት በዚህ ዘመን፣ በሁለት ሰርቨር መሐል የጠፋች አንዲት መስመር የአንድ ቤተሰብ የወር ወጪ ልትሆን ትችላለች።

ስለዚህ ተቋሞቻችን «ተጠባባቂ አለን» ሲሉን በዚያ ረክተን አንለፍ። እንጠይቃቸው፦ የት ነው ያለው? ከዋናው በስንት ሴኮንድ ወደኋላ ይቀራል? መሞቱን የሚፈርደው ማን ነው? ከሁሉም በላይ፣ በሰላሙ ቀን ዋናውን ሆን ብላችሁ አጥፍታችሁ ሞክራችሁታል? መቼ?

በ1901 አልጋ ወራሽ ተሰይሟል፣ መሐላም ተምሏል። ያልተወሰነው ንጉሡ ዝም ባሉ ጊዜ ሥልጣኑ ከእጅ ወደ እጅ የሚያልፍበት ሥርዓት ነበር። የዚያን ዕዳ የከፈለው ሰገሌ ላይ የቀረው የገበሬ ልጅ ነው።