መጠነኛው የኤምባሲ ድጎማ፦ ታሪኩና የማኅበሮቻችን ዕጣ

የውጭ እርዳታ ታሪክ በተጻፈ ቁጥር ሰፊውን ገጽ የሚይዙት ግድቦች፣ አውራ ጎዳናዎችና በብዙ ሚሊዮን የሚቆጠሩ ብድሮች ናቸው። አንድ አምባሳደር በራሱ ሥልጣን ፈርሞ ለአንድ መንደር የውሃ ጉድጓድ፣ ለአንድ ቤተ መጻሕፍት መደርደሪያ፣ ለአንድ የሙያ ማኅበር የውይይት ጉባኤ የሚሰጠው ጥቂት ሺህ ዶላር ብዙውን ጊዜ ከታሪክ ጸሐፊው ዓይን ያመልጣል። የማኅበር ጽሕፈት ቤት የያዘ ሰው ግን ይህን ገንዘብ አሳምሮ ያውቀዋል። ማመልከቻውን ጽፎአል፤ ደረሰኙን ሰብስቦአል፤ በጉባኤው አዳራሽ ውስጥ የሰጪውን መንግሥት ዓርማ የያዘ ጨርቅ አሰቅሎአል። ስለዚህም ገንዘቡ ከየት እንደ መጣ፣ በምን ልማድ እንደ ታነጸና በማኅበሮቻችን ላይ ምን እንዳስከተለ መመርመር ለዚህ መጽሔት አንባቢዎች የሩቅ አገር ወሬ አይሆንም።

የነገሩ ሥር ከጦርነት ትራፊ ዕቃ ይጀምራል። ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ሲያበቃ የአሜሪካ ጦር በየአህጉሩ የተወው የጭነት መኪና፣ የመጋዘን ዕቃና ስንቅ እጅግ ብዙ ነበር። ሊገዙት የሚፈልጉት አገሮች ደግሞ ዶላር አልነበራቸውም። የአርካንሶ ሴናተር የነበሩት ጄ. ዊልያም ፉልብራይት በዚህ ጊዜ አንድ ብልኅ ሐሳብ አቀረቡ፤ ይኸውም ዋጋው በየአገሩ ገንዘብ እንዲከፈልና ለተማሪዎችና ለመምህራን ልውውጥ እንዲውል ነው። ፕሬዚዳንት ትሩማን ሕጉን እ.ኤ.አ. ኦገስት 1 ቀን 1946 ፈረሙበት፤ የመጀመሪያውም ስምምነት በ1947 ከቻይና ጋር ተደረገ። ከግብር ከፋዩ አዲስ ገንዘብ የማይጠይቅ ሐሳብ ስለ ነበረ በምክር ቤቱ ብዙ ክርክር አልተነሣበትም። የትምህርት ልውውጡ የራሱ ሰፊ ታሪክ ስላለው እዚህ አናነሣውም። ለእኛ የሚበጀው ቁም ነገር፣ ገንዘቡ በዚያው በተቀባዩ አገር፣ አገሩን በቅርብ በሚያውቁ ሰዎች ውሳኔ፣ ለትምህርትና ለባህል የሚወጣበት ልማድ ያኔ መተከሉ ነው።

ለመንደርና ለማኅበር የሚሰጠው ትንሽ ድጎማ ግን የተወለደው በአፍሪካ ነው። እ.ኤ.አ. በ1960 ብቻ 17 የአፍሪካ አገሮች ነፃ ወጡ። ለእነዚህ ሁሉ አዳዲስ መንግሥታት በየአገሩ ሙሉ የእርዳታ ሚሲዮን ማቆም ቀላል ነገር አልነበረም። በ1964 በቶጎ የተጀመረው የአምባሳደሩ ልዩ የራስ አገዝ ፈንድ ለዚህ ችግር መላ ሆነ። አምባሳደሩ የዋሽንግተንን ረጅም መንገድ ሳይጠብቅ በአነስተኛ ገንዘብ የመንደር ሥራን እንዲደግፍ ተፈቀደለት፤ መርሐ ግብሩም ከቶጎ ተነሥቶ ወደ አብዛኞቹ የአፍሪካ አገሮች ተዛመተ።

በዚህ ታሪክ ውስጥ የአዲስ አበባም ድርሻ አለበት። ፕሬዚዳንት ጆንሰን የአፍሪካ አንድነት ድርጅት በአዲስ አበባ የተመሠረተበትን ሦስተኛ ዓመት ምክንያት አድርገው እ.ኤ.አ. ሜይ 26 ቀን 1966 ባሰሙት ንግግር ለአፍሪካ የሚሰጠው የአሜሪካ እርዳታ እንደገና እንዲመረመር ፈቃዳቸው መሆኑን ገለጹ። ምርመራውን የመሩት በኢትዮጵያ የአሜሪካ አምባሳደር የነበሩት ኤድዋርድ ኮሪ ናቸው። በዚያው ዓመት ያቀረቡት ሪፖርት የሁለትዮሽ የልማት እርዳታ ወደ አሥር በሚጠጉ አገሮች ላይ እንዲሰበሰብ፣ የቀሩት ግን በአካባቢና በዓለም አቀፍ ድርጅቶች በኩል እንዲረዱ የሚመክር ነበር። ኢትዮጵያ ከተመረጡት ወገን ነበረች። ባልተመረጡት አገሮች ውስጥ ግን አምባሳደሩ እንደ ልቡ ሊያዝበት የሚችለው ገንዘብ በአመዛኙ ይኸው የራስ አገዝ ፈንድ ሆነ። ትልቁ እርዳታ ሲሸሽ ትንሹ የወዳጅነት ምልክት ሆኖ ቀረ ማለት ነው። በነገራችን ላይ፣ ስለ ኮሪ ሪፖርት የተጻጻፏቸው ደብዳቤዎች ዛሬ ታትመው ማንም ሊያነባቸው ይችላል፤ በዚያ ገንዘብ ጉድጓድ ያስቆፈረው መንደር የተማከረበትን ቃለ ጉባኤ የሚፈልግ ተመራማሪ ግን ብዙ ይደክማል።

የፈንዱ ደንብ አጭር ነው። ጠያቂው ማኅበረሰብ ሥራውን ራሱ ያቅዳል። ጉልበት፣ ቦታ፣ አሸዋና ድንጋይ ወይም ገንዘብ አዋጥቶ የራሱን ድርሻ ያሳያል። ሥራው በአንድ ዓመት ውስጥ ማለቅ አለበት። ደመወዝና የዘወትር ወጪ አይከፈልበትም። ደቦና ጂጌ ለሚያውቅ የገጠር ሰው፣ ዕድር ለሚያውቅ የከተማ ሰው የዚህ ደንብ መንፈስ እንግዳ አይደለም። ዕድር የሚኖረው በአባላቱ መዋጮ ነው። ድንኳን የሚሰጠው ቢገኝ አመስግኖ ይቀበላል፤ ሰጪ ቢጠፋ ግን ቀብር አይቀርም። አንባቢ ይህን ምሳሌ በልቡ ይያዝልኝ፤ ከዚህ በታች የማነሣው ጉዳይ በእርሱ ላይ ይቆማልና።

በአገራችን የባህል ልውውጡ ከገንዘብ ድጎማው ይቀድማል። የኢትዮ-ፈረንሳይ አሊያንስ የተቋቋመው እ.ኤ.አ. በ1907 ነው፤ ብሪቲሽ ካውንስል በ1942፣ የጀርመኑ ጎተ ኢንስቲትዩት በ1962 ተከተሉ። በእነዚህ ቤቶች ቋንቋ የተማረ፣ ሥዕሉን ያሳየ፣ ሙዚቃ የሰማ ብዙ ነው። ሆኖም በኤምባሲ ጥላ ሥር ያለ ሥራ ሁሉ ዕድሜው በሁለቱ መንግሥታት ወዳጅነት ይለካል። ሚያዝያ 15 ቀን 1969 ዓ.ም. ደርግ በአሥመራ የነበረውን የቃኘው ጣቢያና የአሜሪካን የጦር አማካሪዎች ቡድን ሲዘጋ የማስታወቂያ አገልግሎቱንም አብሮ ዘጋው። በአገልግሎቱ ቤተ መጻሕፍት ያነብ የነበረው ተማሪ ከቃኘው ጋር አንዳች ጉዳይ አልነበረውም፤ መጻሕፍቱ ግን ከመገናኛ ጣቢያው ጋር በአንድ ትእዛዝ ተቆለፈባቸው።

ከቀዝቃዛው ጦርነት ማብቂያ ወዲህ ሰጪዎቹም ዓላማዎቹም በረከቱ። ጃፓን እ.ኤ.አ. በ1989 በኤምባሲዎቿ በኩል ለመንደር ትምህርት ቤት፣ ለጤና ጣቢያና ለውሃ ሥራ የሚሰጥ አነስተኛ እርዳታ ጀመረች። መጠኑ ለረጅም ጊዜ በአመዛኙ ከ10 ሚሊዮን የን እንዳይበልጥ የተወሰነ ነበር፤ ደመወዝና የዘወትር ወጪም እንደ አሜሪካው ሁሉ ከዚህ ገንዘብ አይከፈልም። በ2001 ደግሞ የአሜሪካ ምክር ቤት አምባሳደሮች ለባህል ቅርስ ጥበቃ የሚሰጡትን ፈንድ አቋቋመ። ይህ ፈንድ እስካሁን ከ130 በሚበልጡ አገሮች ከ1,000 በላይ ሥራዎችን ደግፎአል፤ በላሊበላ የቤተ ገብርኤል ሩፋኤል ጥገና አንዱ ነው። ምክር ቤቱ ፈንዱን ሲፈቅድ፣ ቅርስን መጠበቅ ንግድ፣ ፖለቲካና ጦር የሌለበትን የአሜሪካ ገጽታ ለማሳየት ይረዳል የሚል ምክንያት ሰጥቶ ነበር። ፖለቲካ የለበትም ተብሎ የሚሰጥ ገንዘብ ፖለቲካን ጠንቅቆ ያውቃል ብል አንባቢ ይቅር ይበለኝ። ለላሊበላ ድንጋይ ግን ከዝናብ መዳኑ እንጂ የሰጪው ሐሳብ ለውጥ አያመጣለትም።

ትልቁ ለውጥ የመጣው በሌላ በኩል ነው። ገንዘቡ ከጉድጓድና ከመደርደሪያ አልፎ ሲቪክ ተሳትፎ ለሚባለው ሥራ፣ ማለትም ለመራጮች ትምህርት፣ ለሴቶች መብት፣ ለነፃ የሕግ ምክር መዋል ጀመረ። ደንቡ ግን በአብዛኛው የጉድጓዱ ደንብ እንደ ሆነ ቀረ። ጉድጓድ በአንድ ዓመት ተቆፍሮ ያልቃል፤ አንድ የፍርድ ቤት ክርክር ግን ሁለትና ሦስት ዓመት ሊፈጅ ይችላል። ለአዳራሽ ኪራይ፣ ለሻይና ለኅትመት የሚሰጥ ገንዘብ ለጸሐፊዋ ደመወዝ አይከፍልም። ከዚህም የተነሣ አንዳንድ ማኅበር በዓመት አራት ዐውደ ጥናት እያካሄደ የስልክ ሂሳብ የሚከፍልበት ያጣል። መላው ብዙ ሰጪዎችን ማፈላለግ ሆነ። የአንዱ ኤምባሲ ድጎማ ሲያልቅ የሌላው ይተካል፤ ከአንዱ ሪፖርት ወደ ሌላው ማመልከቻ ይኬዳል። የሚዘነጋው ግን አሥር ኤምባሲዎች የሚሰጡት አሥር ትንሽ ገንዘብ አንድ ላይ ትንሽ አለመሆኑ ነው። የድጎማ ትንሽነት የሚለካው በዶላሩ ሳይሆን ተቀባዩ ከራሱ ከሚያወጣው ጋር ተመዛዝኖ ነው።

የኢትዮጵያ ሴት የሕግ ባለሙያዎች ማኅበርን ታሪክ የማነሣው በዚህ ምክንያት ነው። ማኅበሩ እ.ኤ.አ. በ1995 ሲቋቋም የሙያ ማኅበር ነበር፤ መሥራቾቹም እንደ እኛው በሙያቸው የሚያድሩ ሰዎች ነበሩ። ብዙ ሳይቆይ የጠለፋትን ሰው በጥይት ገድላ የተከሰሰች የ14 ዓመት ልጃገረድ ጉዳይ ያዘ፤ ልጅቱም ራሷን የተከላከለች መሆኑ ታምኖበት በነፃ ተለቀቀች። በ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ የሴት ልጅ የጋብቻ ዕድሜ 15 ዓመት ነበር፤ ባልም የቤተ ሰቡ የበላይ ነበር። ማኅበሩ ከሌሎች ጋር ሆኖ ባደረገው ያላሰለሰ ጥረት፣ በ1992 ዓ.ም. የወጣው የተሻሻለው የቤተ ሰብ ሕግ ዕድሜውን ወደ 18 ከፍ አደረገ፤ የባልንም የበላይነት ሻረ። ከመሥራቾቹ አንዷ ወይዘሮ መዓዛ አሸናፊ በ2011 ዓ.ም. የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ፕሬዚዳንት ሆነው ተሾመዋል። ይህን ሁሉ የሠራ ማኅበር ግን የቢሮውንና የሠራተኞቹን ወጪ ይሸፍን የነበረው በአመዛኙ ከኤምባሲዎችና ከውጭ ድርጅቶች በሚያገኘው ገንዘብ ነበር። ሌላ ምን ያድርግ? ነፃ የሕግ ምክር ፈልጋ የመጣችው ሴት ዋጋ ልትከፍል አትችልም፤ የአባላቱም መዋጮ ለኪራይ እንኳ አይበቃም።

በ2001 ዓ.ም. የበጎ አድራጎት ድርጅቶችና ማኅበራት አዋጅ ቁጥር 621 ወጣ። ከገቢው ከ10 በመቶ በላይ ከውጭ ምንጭ የሚያገኝ ድርጅት በሰብዓዊና ዲሞክራሲያዊ መብቶች፣ በጾታ እኩልነት፣ በሕፃናትና በአካል ጉዳተኞች መብት፣ በግጭት አፈታት፣ በፍትሕ አገልግሎት ቅልጥፍና ሥራ እንዳይሠራ ተከለከለ። የአዋጁን ክብደት በሂሳብ ማየት ይቻላል። አንድ ማኅበር ከኤምባሲ 100,000 ብር ለመቀበል ቢፈልግ፣ ከአገር ውስጥ 900,000 ብር ማግኘት ይኖርበታል፤ የአባልነት መዋጮው በዓመት 100 ብር ቢሆን 9,000 ከፋይ አባላት ያስፈልጉታል ማለት ነው። ይህን ያህል ከፋይ አባላት ያለው የሙያ ማኅበር የትኛው እንደ ሆነ አንባቢ ራሱ ያስብበት።

በ2002 ዓ.ም. የሴት የሕግ ባለሙያዎች ማኅበርና የኢትዮጵያ ሰብዓዊ መብቶች ጉባኤ የባንክ ሂሳብ ታገደ። የሕግ ባለሙያዎቹ ማኅበር አብዛኞቹን ሠራተኞቹን አሰናበተ። ጉባኤው ከ12 ጽሕፈት ቤቶቹ 9ኙን ዘጋ። የሴቶቹ ማኅበር ጨርሶ ያልከሰመው ያለ ደመወዝ በሚያገለግሉ አባላቱ ነው። ከላይ ስለ ዕድር ያነሣሁት ምሳሌ እዚህ ላይ ይመጣል፤ ድንኳኑ ሲወሰድ ሥራውን ያቆዩት እነዚያው ቀድሞም በገዛ ፈቃዳቸው የመጡት ነበሩ።

አዋጁን ማኅበራትን ከጥገኝነት ለማውጣት የታሰበ ነው ብለው የሚከራከሩ ነበሩ። በበኩሌ ይህን አልቀበልም። ጥገኝነትን ለማስቀረት የሚፈልግ ሕግ ለአገር ውስጥ ለጋሽ የግብር ቅናሽ ያደርጋል፤ ለሽግግሩም ጊዜ ይሰጣል፤ ጥገኝነትንም በጉድጓድና በመብት መካከል አይለይም። ከሁሉ የሚያስገርመው ደግሞ ከአውሮፓ ኅብረት ጋር በተደረገ ስምምነት የኅብረቱ የሲቪል ማኅበረሰብ ፈንድ እንደ አገር ውስጥ ገንዘብ መቆጠሩ ነው። ገንዘብ «የውጭ» ወይም «የውስጥ» የሚባለው እንደ መነሻው ሳይሆን እንደ ውሉ ከሆነ፣ 10 በመቶ የተባለው ወሰን ምን ይለካ ነበር? ይሁን እንጂ አዋጁ ክፉ መሆኑ ያጋለጠውን እውነት ሐሰት አያደርገውም። ማኅበራቱ በአንድ የብዕር ጭረት ሊሽመደመዱ የቻሉት የሚቆሙበት እግር በእጃቸው ስላልነበረ ነው።

በ2011 ዓ.ም. የወጣው የሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅቶች አዋጅ ቁጥር 1113 የ10 በመቶውን ወሰን አነሣ፤ የአስተዳደር ወጪ ግን ከ20 በመቶ እንዳይበልጥ አደረገ። የኤምባሲዎች ማስታወቂያ እንደገና በየማኅበሩ ሰሌዳ ላይ መለጠፍ ጀመረ፤ ማመልከቻ መጻፍ የሚያውቁ ወጣቶችም ተፈላጊ ሆኑ። ያ ደስታ ብዙ አልቆየም። ጥር 12 ቀን 2017 ዓ.ም. ሥልጣን የያዙት የአሜሪካ ፕሬዚዳንት በዚያው ዕለት የልማት እርዳታን ለ90 ቀን አገዱ፤ ከጥቂቶች በስተቀር በውጭ ጉዳይ መሥሪያ ቤቱ ገንዘብ የሚካሄዱ የእርዳታ ሥራዎች እንዲቆሙ ትእዛዝ ተላለፈ። ሰኔ 24 ቀን 2017 ዓ.ም. ደግሞ ዩ.ኤስ.ኤ.አይ.ዲ. ራሱ እርዳታ መስጠቱን አቆመ። በኮሪ ዘመን ትልቁ ሲሸሽ ትንሹ ቀርቶ ነበር። በ2017 የወጣው እግድ ግን በየሚሊዮኑ ለሚቆጠረው ፕሮግራምና ለአንድ ማኅበር የሁለት ቀን ጉባኤ ብዙ ልዩነት አላደረገም፤ በዚያ ወር የአዳራሽ ኪራይ የከፈለው በአባላቱ መዋጮ የሚተዳደረው ማኅበር ነበር።