ፖሊመሩ ነቃ?

«በብርሃን የነቃ ፀረ ተሕዋስያን ፖሊመር» የሚል ሐረግ በሳይንስ ዜናዎች ውስጥ እየተለመደ መጥቷል። ባነበብኩት ቁጥር ዓይኔ ላይ የሚመጣው ፀሐይ ሲመታው ከርሞ የተሰነጠቀ ቢጫ ጀሪካን ነው። በአማርኛ እኮ እንስራም ይነቃል፣ ጋንም ይነቃል፤ «ነቅ የሌለበት» የምንለውም ስንጥቅ የሌለበትን ነው። ጀሪካኑ የተሠራበት ፕላስቲክ ደግሞ ራሱ ፖሊመር ነው፤ ፀሐይ ሲበዛበትም በእርግጥ ይነቃል። ሐረጉ አማርኛነቱ አልጎደለም፤ የሚያወራው ግን ስለ ሌላ ነገር ነው።

ከእንቅልፍ መንቃትን ማለታቸው ነው እንበል። እሱም አይሄድም። «የነቃ» ያለቀ ድርጊት ነው። ይህ ፖሊመር ግን በደንብ የሚሠራው ብርሃን እስካረፈበት ድረስ ነው፤ መብራቱ ሲጠፋ ሥራው ይቀዘቅዛል።

ለእንግሊዝኛው «አክቲቬት» ሌላው ተፎካካሪ ከኮምፒውተርና ከስልክ የመጣው «አግብር» ነው። በዚህ አያያዝ ነገ «በብርሃን የሚገበር ፖሊመር» ይሉናል። የቃሉ ዘር ንጹሕ ነው፤ ግዕዙ ገብረ «ሠራ፣ አደረገ» ነው። በሰዋስው ገቢርና ተገብሮ፣ በቴአትር ገቢር አንድ፣ ገቢር ሁለት የምንለው ከዚሁ ነው። አማርኛ ግን ገበረን ወስዶ ለግብር ሰጥቶታል። ሕዝብ ለቃሉ የሰጠውን ትርጉም መዝገበ ቃላት ገልጦ መንጠቅ አይቻልም። ገባሪ ፖሊመር ገቢዎች ቢሮ ይሂድ።

እኔ የምመርጠው ቀሰቀሰን ነው። የተኛ ይቀሰቀሳል፣ የዳነ የመሰለ ሕመም ይቀሰቀሳል፣ ጠብ ይቀሰቀሳል። በሦስቱም ቀስቃሽ አለ፤ ተመልሶ መብረድም አለ። ነገሩም በተግባር እንዲሁ ነው። ብርሃኑ ፖሊመሩን ይቀሰቅሳል፤ ፖሊመሩ በአካባቢው ያለውን ኦክስጅን ይቀሰቅሳል፤ የተቀሰቀሰው ኦክስጅን ያገኘውን የባክቴሪያ ክፍል ሳይመርጥ ይጎዳል። ዕድሜው በማይክሮ ሰከንድ የሚለካ ስለሆነ ሩቅ አይሄድም፤ ስለዚህ ፖሊመሩ ባክቴሪያው ላይ መለጠፍ አለበት። በአሜሪካ እነ ዴቪድ ዊትንና ከርክ ሻንዜ ያጠኗቸው ፖሊመሮች ፖዘቲቭ ቻርጅ ያላቸው ናቸው፤ የባክቴሪያው ገጽ ኔጌቲቭ በመሆኑ ይሳባሉ። ሐሳቡ አዲስ አይደለም። በ1900 እ.ኤ.አ. የሙኒኩ ተማሪ ኦስካር ራብ አክሪዲን የተባለ ቀለም የገባባቸው ፓራሚሲየም የተባሉ ባለ አንድ ሕዋስ ፍጥረታት በብርሃን እንደሚሞቱ፣ በጨለማ ግን እንደሚቆዩ ጽፏል።

«ቅስቀሳ የምርጫ ነው» የሚለኝ ይኖራል። ይሁን፤ የምርጫውም ቅስቀሳ ቢሆን ሰው የማስነሣት ሥራ ነው።

ፖሊመሩ የሚዘምትበት ነገርስ፣ ባክቴሪያዎች ተሰባስበው የሚሠሩት «ባዮፊልም»፣ በአማርኛ ምን ይባል? «ሥነ ሕይወታዊ ፊልም» ያሉትን አይቻለሁ፤ ለአማርኛ አንባቢ ፊልም ሲኒማ ነው። ተሕዋስያን የሚለው ስም ከግዕዙ ሐወሰ፣ «ተነቃነቀ» ከሚለው የወጣ ነው። እነዚህ ባክቴሪያዎች ግን መንቀሳቀሱን ትተው ካቴተር በሚባለው የሕክምና ቱቦ ወይም ጥርስ ላይ ተጣብቀዋል፤ ራሳቸው ባመነጩት ዝልግልግ ነገር ተጠቅልለዋል። ብቻውን የሚዋኘውን የሚገድል አንቲባዮቲክ እዚያ ውስጥ ያለውን ለመግደል አንዳንዴ እስከ 1000 እጥፍ መጨመር ሊኖርበት ይችላል። «ሽፋን» የሚሉ አሉ፤ ሽፋን ግን የመድን ሽፋንም ነው፣ የዜና ሽፋንም ነው። «ዝልግልግ» ቅጽል ስለሆነ ብቻውን አይቆምም። ቆሞ የሚሄድ ስም ያለው ወተት ቤት ነው፦ ስልባቦት። የፈላ ወተት ሲቀዘቅዝ ላዩ ላይ የሚይዘው ስስ ቆዳ ነው፤ ሲስቡት አንድ ላይ ይነሣል። የወተቱ ሕይወት የለውም፣ የሚጠላም አይደለም፤ ይህ እውነት ነው። «የባክቴሪያ ስልባቦት» ሲባል ግን ማንም ከወተቱ ጋር አያምታታውም።

ደግሞ ስልባቦት ግሡን ይዞ ይመጣል። ስልባቦት ይይዛል፣ ይገፈፋል። መከላከልና ማስወገድ እያልን በሁለት የቢሮ ቃላት ከምንደክም፣ «በብርሃን የሚቀሰቀሰው ፖሊመር ካቴተሩ ስልባቦት እንዳይዝ ያደርጋል፤ የያዘውንም ይገፍፋል» ብንል ያልቃል። ለርእስ ረዘመብኝ የሚል አዘጋጅ ካቴተሩን ይቁረጥ፤ «የሚቀሰቀሰው»ን ግን አይንካብኝ።