ሞርሳ፦ የአንድ የሥራ ቤት ቃል ታሪክ

በብረታ ብረት ሥራ ቤት በጠረጴዛ ጠርዝ ላይ በብሎን ታስሮ የሚቆም፣ ሁለት መንጋጋዎች ያሉት፣ እጀታውን በማዞር የሚሠራውን ብረት ነክሶ የሚይዝ መሣሪያ በአማርኛ ሞርሳ ይባላል። ቃሉን የማያውቅ ቧንቧ ሠራተኛ፣ በያጅ ወይም መካኒክ የለም። የመዝገበ ቃላት አዘጋጅ ግን አብዛኛውን ጊዜ ከመጽሐፍ ወደ መጽሐፍ የሚሄድ በመሆኑ እንዲህ ያለው ቃል ዘግይቶ ነው የሚደርሰው። ሥራ ቤቱ መዝገበ ቃላቱን አይጠብቅም፤ መዝገበ ቃላቱም ሥራ ቤቱን ሳይጎበኝ ይታተማል።

በዚህ ጽሑፍ የቃሉን ታሪክ ከዕቃው ታሪክ ጋር አጣምረን ለማየት እንሞክራለን። ምክንያታችንም ግልጽ ነው። ከ40 እና ከ50 ዓመት በላይ ያገለገሉ ሞርሳዎች በየክፍለ ሀገሩ እየተጠገኑ ወደ ሥራ ይመለሳሉ። አሮጌ ዕቃ ለመለየትም ሆነ ለመጠገን የዕቃውን ክፍሎች በስማቸው መጥራት የግድ ይላል። እዚህ ላይ ነው ችግሩ የሚነሣው።

ቃሉ የጣሊያንኛው ‹ሞርሳ› ነው፤ ሥሩም ‹ሞርዴሬ›፣ ማለትም ‹መንከስ› ነው። ልዩ ልዩ ሕዝቦች ይህን አንድ ዕቃ የሰየሙት በየፊናቸው ነው። ጣሊያኑ ንክሻውን አየ፤ ሩሲያዊው ‹ቲስኪ› ሲል መጫኑን፣ ዐረቡ ‹መልዘማ› ሲል መጣበቁን አየ። ጀርመኑ ‹ሽራውብሽቶክ› ብሎ ጠመዝማዛውንና ግንዱን አንድ ላይ አጣመረ። የእንግሊዝኛው ‹ቫይስ› ደግሞ በፈረንሳይኛው ‹ቪስ› በኩል ከላቲኑ ‹ቪቲስ› የመጣ ሲሆን የወይን ሐረግ ማለት ነው። ሐረጉ ተጠምዝሞ እንደሚወጣ ሁሉ የብሎኑ ክርም በዘንጉ ላይ ተጠምዝሞ ይወጣልና ነው። ጣሊያንኛውም ጠመዝማዛ ችንካሩን ‹ቪቴ› የሚለው ከዚሁ ሐረግ ነው። ስለዚህ ማንም የአዲስ አበባ ወይም የሶዶ ልጅ ‹ካቻቢቴ አቀብለኝ› ሲል፣ በቃሉ ኋለኛ ግማሽ ውስጥ የእንግሊዝኛውን ‹ቫይስ› የሥጋ ዘመድ ይጠራል። ይህን የምናነሣው ለጨዋታ ያህል ብቻ አይደለም፤ የሥራ ቤት ቃል ዕድሜና ዝምድና እንዳለው ለማሳየትም ነው።

የባህላዊው አንጥረኛ የመሣሪያ ስሞች ከዚህ የተለዩ ናቸው። ወናፍ፣ መዶሻ፣ ጉጠት፣ መስፍ፣ መሮ በቋንቋው ውስጥ ሥር የሰደዱ ቃላት ናቸው። መስፍን ለምሳሌ ብንወስድ ከግእዙ ሰፍሐ፣ ‹ዘረጋ፣ አሰፋ› ከሚለው ጋር ይዛመዳል፤ ብረት ተቀጥቅጦ የሚሰፋበት ነውና። አንጥረኛው መሬት ላይ ተቀምጦ፣ የጋለውን ብረት በጉጠት ይዞ፣ በመዶሻ ይቀጠቅጣል። ሞርሳ የመጣው ከሌላ የአሠራር ልማድ ጋር፣ ማለትም ቆሞ በጠረጴዛ ላይ ቀዝቃዛ ብረት ከመሞረድ፣ ከመቁረጥና ክር ከማውጣት ጋር ነው። ለዚህ ልማድ ጉጠት አይበቃም፤ ሁለቱም እጆች ነጻ መሆን አለባቸው።

ይህ ልማድ ወደ አገራችን በአንድ ጊዜ አልገባም። በ1890 ዓ.ም. ከጅቡቲ የተጀመረው የባቡር ሐዲድ በ1895 ድሬዳዋ፣ በ1909 አዲስ አበባ ሲደርስ የፈረንሳይኛ የሥራ ቃላት አብረው ተጓዙ። ሰፊው የሥራ ቤት የቃላት ማዕበል ግን ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. በጣሊያን ወረራ ዘመን የመጣ ነው። በመንገድ ሥራና በጋራዥ የተቀጠረው ወጣት መሣሪያውን ሲያቀብል ስሙን ተማረ። ከነጻነት በኋላም የቀሩ ጣሊያናውያን የሥራ ቤት ባለቤቶች ስለ ነበሩ ትምህርቱ አልተቋረጠም። የትምህርት ቤቱ ቋንቋ እንግሊዝኛ ሆኖ ሳለ፣ የሥራ ቤቱ ቋንቋ በጣሊያንኛ የተቀመመ አማርኛ ሆኖ ቀረ።

የቃላቱን ድምፅ ስናይ ወጥ የሆነ ሥርዐት እናገኛለን። የጣሊያንኛው ‹ቭ› በአብዛኛው ‹ብ› ሆኗል፦ ካቻቢቴ፣ ባልቦላ። ጥንድ አናባቢው ተሰብስቧል፦ ‹ላሚየራ› ላሜራ፣ ‹ቶርኒዮ› ቶርኖ ተብሏል። ‹ቡሎኔ› መጨረሻውን ጥሎ ብሎን ሆኗል፤ ‹ኩሺኔቶ› መጨረሻውን ለውጦ ኩሽኔታ ተብሏል። ዳዶና ሞርሳ እንዳሉ ገቡ። ሞርሳ ግን ከገባ በኋላ ግስ አልወለደም። ‹ሞርሳ ላይ አሰረ› ይባላል እንጂ ከቃሉ የተወለደ ግስ ከማንም አልሰማንም። በአንጻሩ ብየዳ ከአገርኛው በየደ የወጣ ስለሆነ በያጅ፣ መበየጃ፣ የተበየደ እያለ እንደ ልቡ ይረባል። ትውስት ቃል ብዙ ጊዜ እንዲህ ነው፤ ስም ሆኖ ገብቶ ስም ሆኖ ይኖራል።

ቃሉ ከአማርኛ አልፎ የሄደበትን መንገድ ለማየት ወላይታ ጥሩ ማሳያ ነው። ቤሌ ከሶዶ በስተ ምዕራብ፣ ወደ ኦሞ ሸለቆና ወደ ዳውሮ በሚወስደው መንገድ ላይ ያለች የኪንዶ ኮይሻ ወረዳ ከተማ ናት። በዚያ ባለ አንድ የብየዳ ቤት እንዳየነው፣ ሠራተኛው ከባልደረባው ጋር በወላይትኛ፣ ከደንበኛው ጋር በአማርኛ እየተነጋገረ፣ በጣሊያንኛ ስም በሚጠራ ዕቃ ላይ፣ በእንግሊዝኛ መጽሐፍ የተማረውን ሙያ ይሠራል። የወላይትኛ ስሞች በአናባቢ የሚያልቁ ሲሆን ትልቁ የስም ክፍል ‹-አ› የሚል መድረሻ አለው፤ የታወቀው ስም ባለቤት ሲሆን ደግሞ ‹-አይ› ይላል። ቤት ‹ኬታ› ሲሆን ባለቤቱ ‹ኬታይ› ነው። በዚህ ሥርዐት ሞርሳ ያለ አንዳች ማሻሻያ ገብቶ ‹ሞርሳይ› ሊባል ይችላል። ዳዶም በ‹-ኦ› ከሚያልቁት ጋር ይሰለፋል። በተነባቢ የሚያልቀው ብሎን ግን አናባቢ መዋስ ይኖርበታል። ከሮም የተነሣው ቃል በአዲስ አበባ በኩል አድርጎ ሶዶ ሲደርስ፣ ከአማርኛው ይልቅ ለወላይትኛው ሰዋስው የተመቸ ሆኖ መገኘቱ የሚያስገርም ነው።

አሁን ወደ ዕቃው እንመለስ። አሮጌ ሞርሳ የሚነበብ ጽሑፍ ነው፤ የጥንት ድንጋይ ጽሑፍ የሚያነብ ሰው የሚጠቀምበት ዘዴ እዚህም ይሠራል። በላዩ ላይ የተደራረበ ቀለምና ዝገት በሽቦ ብሩሽ ቀስ ብሎ ይነሣል። ከዚያም ስስ ወረቀት አልብሶ በከሰል ቢያሹት ፊደሉ ይወጣል። የአገር ስም ጥሩ የዘመን ምስክር ነው። ‹ቼኮዝሎቫኪያ› የሚል ከ1918 እስከ 1992 እ.ኤ.አ.፣ ‹ምዕራብ ጀርመን› የሚል ከ1949 እስከ 1990 እ.ኤ.አ. ባለው ጊዜ ውስጥ የተሠራ ነው። በሩሲያ ፊደል ‹ጎስት 4045-75› የሚል ከተገኘ፣ በ1975 እ.ኤ.አ. የወጣውን የሶቭየት የሞርሳ ደረጃ መዳቢ የሚጠቅስ ነውና ዕቃው ከዚያ ዓመት በፊት ሊሠራ አይችልም። የሼፊልዱ ‹ሬከርድ› ቁጥር 3 የሚል ቢሆን የመንጋጋው ስፋት 4 ኢንች ነው። የአሜሪካው ‹ዊልተን› በተንሸራታቹ ክፍል ሥር ቀን የተቀረጸበት ሲሆን፣ በአሮጌዎቹ ላይ ይህ ቀን የተሠራበት ሳይሆን የአምስት ዓመቱ ዋስትና የሚያበቃበት ነው። ይህን ሳያውቅ የሚያነብ ሰው ዕቃውን በአምስት ዓመት ያሳንሰዋል። የድርሳን መጨረሻ ላይ ያለን ዓመተ ምሕረት የድርሰቱ ነው ወይስ የቅጂው እያልን እንደምንጨነቀው መሆኑ ነው።

ፊደሉ ከጠፋ ብረቱ ራሱ ይጠየቃል። በመዶሻ ቀለል አድርገው ሲመቱት የሚያቃጭል ከሆነ ተቀጥቅጦ የተሠራ ብረት ሊሆን ይችላል፤ ድምፁ የታፈነ ከሆነ በቅርጽ የፈሰሰ ነው። በመሞረጃ ድንጋይ ቢነካም የፈሰሰው ብረት ፍንጣሪ አጭርና ቀላ ያለ፣ የሌላው ረጅምና ብሩህ ነው። ይህ ልዩነት ለጥገናው ወሳኝ ነው። የፈሰሰ ብረት ሳይሞቅ ቢበየድ በመበየጃው ጎን እንደ ገና ይሰነጠቃል። ስለዚህ አስቀድሞ ይሞቃል፣ በናስ ወይም ኒኬል ባለበት ዘንግ ይበየዳል፣ ከዚያም በዐመድ ወይም በአሸዋ ተሸፍኖ ቀስ ብሎ ይቀዘቅዛል።

የዝገቱ ነገር ቀላል ነው። የተቆለፈው ብሎን በናፍጣ ተነክሮ ያድራል። የተፈቱት ክፍሎች አቼቶ ውስጥ ይቀመጣሉ፤ ከወጡ በኋላ ወዲያው ታጥበው፣ ደርቀው፣ ዘይት ካልተቀቡ ግን በሰዓታት ውስጥ እንደ ገና ይዝጋሉ። አቼቶም የዚያው የጣሊያንኛ ማዕበል ልጅ መሆኑን አንባቢ ልብ ይሏል።

ችግሩ የሚመጣው ሥራው በቃል ሲነገር ነው። ከላይ ባነሣነው የቤሌ ብየዳ ቤት ሠራተኛው ‹የሞርሳው ጥርስ አልቋል› ሲለን፣ የትኛው ጥርስ ብለን መጠየቅ ግድ ሆነብን። በሥራ ቤት አማርኛ በመንጋጋው ፊት ላይ ያለው ሸካራ ጭረት ጥርስ ይባላል። በዋናው ብሎን ላይ የተጠመዘዘው ክርም ጥርስ ይባላል። በዳዶው ውስጥ ያለውም እንዲሁ። የመጀመሪያው ቢያልቅ ሁለት ብሎን ፈቶ ቁራጭ ብረት መለወጥ ነው። ሁለተኛው ቢያልቅ የቶርኖ ሥራ ይጠይቃል። ሦስተኛው ቢያልቅ ደግሞ ዳዶውን ብቻ ከነሐስ አዲስ ማሠራት ይበቃል። በሦስቱ መካከል ያለው የዋጋ ልዩነት ለአንድ ትንሽ ሥራ ቤት ትንሽ አይደለም። ተርጓሚው ከእንግሊዝኛ መመሪያ ወስዶ ‹ጥርሱን በሞረድ አጽዳ› ብሎ ቢጽፍ፣ ታዛዡ ሠልጣኝ የመንጋጋውን ፊት ሲሞርድ ዕቃው የተሠራበትን ጥቅም ያጣል። ወይም የብሎኑን ክር ሞርዶ ጨርሶ ያበላሸዋል። እዚህ ላይ የስያሜ ጉድለት ብረት ያጠፋል።

የአማርኛ አካዳሚ በ1964 ዓ.ም. ተቋቁሞ፣ ከአብዮቱ በኋላ የኢትዮጵያ ቋንቋዎች አካዳሚ ከተባለ ወዲህ፣ ስያሜ ማውጣት የተቋሙ ዋና ሥራ ሆኖ ቆይቷል። በ1989 ዓ.ም. የታተመው የሳይንስና ቴክኖሎጂ መዝገበ ቃላት የዚህ ድካም ፍሬ ነው። በእንዲህ ያለው ሥራ ላይ ዘወትር የሚነሣው ጥያቄ ሞርሳን ለመሰለ ቃል አገርኛ ምትክ ይፈለግለት ወይስ ይቀመጥ የሚለው ነው። ምትክ እንፈልግ ብንል ምን እናገኛለን? ‹መያዣ› ብንለው የብድር ዋስትናም መያዣ ነው። ‹መጭመቂያ› ብንለው ሎሚ ይታሰበናል። ‹መቆንጠጫ› ትንሽና ቀላል ነገርን ያሳያል። የሚቀርበው ‹የጠረጴዛ ጉጠት› ነው፤ ይሁን እንጂ ጉጠት በእጅ የሚንቀሳቀስ ነው፤ ሞርሳ የሚታወቀው ባለመንቀሳቀሱ ነው።

ከዚህም የጠለቀ ምክንያት አለን። የአንጥረኛው ቃላት ንጹሕ አገርኛ ቢሆኑም በታሪካችን ከስድብ ያልተለዩ ናቸው። ‹ቀጥቃጭ› የሙያ ስም ሆኖ ሳለ ለብዙ ዘመን የማንቋሸሻ ስም ነበረ። በ1900 ዓ.ም. አፄ ምኒልክ ባለ እጆች በሙያቸው እንዳይሰደቡ በአዋጅ መከልከላቸው የጉዳዩን ክብደት ያሳያል። በወላይታም ወጋቺያ የሚባሉት አንጥረኞች ከሌላው ሕዝብ ጋር በጋብቻ እንዳይቀላቀሉ ተገልለው ኖረዋል። ቶርኖ፣ ሞርሳ፣ መካኒክ የሚሉት የባዕድ ቃላት ግን ይህ ሸክም የለባቸውም። በሞርሳ የሚሠራውን ማንም ቀጥቃጭ አላለውም። በእኛ ግምት ትውስቱ ቃል በሥራ ቤቱ የጸናበት አንዱ ምክንያት ይኸው ነው፤ ሙያውን ከስድቡ ነጥሎ አወጣው። ቃሉን አንሥተን ጉጠትን ብንተካ፣ ለቋንቋው ንጽሕና ብለን የሠራተኛውን ክብር የምንነካ ይመስለናል። በዚህ የማይስማሙ ባልደረቦች እንዳሉን እናውቃለን። እነርሱም ስድቡን ማጥፋት እንጂ ቃሉን መሸሽ መፍትሔ አይደለም ይላሉ። ክርክሩ ተገቢ ቢሆንም የሚፈታው በስብሰባ አይመስለንም።

በስብሰባ የተወሰነ ቋንቋ ምን እንደሚያመጣ ወላይታ በመራራ ሁኔታ ያውቃል። ወላይትኛ በ1971 ዓ.ም. በተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ከመጀመሪያዎቹ የማስተማሪያ ቋንቋዎች አንዱ ሆኖ በራሱ ስም የተጻፈ ነበር። ኋላ ግን ከጋሞ፣ ከጎፋና ከዳውሮ ጋር ተቀላቅሎ በተዘጋጀ መማሪያ መጽሐፍ እንዲተካ ሲሞከር፣ በ1992 ዓ.ም. በሶዶ ተቃውሞ ተነሥቶ የሰው ሕይወት ጠፍቷል፤ መጽሐፉም ቀርቷል።

ስለዚህ ሞርሳ ባለበት ይቀመጥ፣ ሥራው በክፍሎቹ ላይ ይሁን እንላለን። እዚህ አገርኛው አማርኛ በቂ ሀብት አለው። ቋሚ መንጋጋና ተንቀሳቃሽ መንጋጋ ከሥራ ቤቱ የተገኙ ስለሆኑ እንዳሉ ይወሰዱ። ‹ጥርስ› በመንጋጋው ፊት ላይ ላለው ሸካራ ብቻ ይወሰን፤ ለብሎኑና ለዳዶው ‹ክር› ይባል። ይህ አዲስ ፈጠራ አይደለም፤ ብዙ የቶርኖ ሠራተኞች ‹ክር ማውጣት› ይላሉና። ዳዶው የሚቀመጥበት ክፍል በሥራ ቤቱ ‹የኩሽኔታ ቤት› እንደሚባለው ሁሉ ‹የዳዶ ቤት› ይባል። ‹ሞርሳ› እና ‹ሞርስ› በመዝገቡ ለየብቻ ይግቡ። ሁለተኛው በቶርኖ ላይ የሚገኘው፣ በአሜሪካዊው ስም የሚጠራው ሾጣጣ መሰኪያ ሲሆን ከንክሻ ጋር ምንም ዝምድና የለውም። የወላይትኛው ዐምድም ባዶ እንዳይቀር፣ ቃላቱ ከሶዶና ከቤሌ ሥራ ቤቶች በሚሰሙበት አነጋገር፣ ከነመድረሻቸው ይሰብሰቡ።