ርስት፣ ጋብቻና ዝምድና በጎጃም ደጋ

በጎጃም ደጋ፣ ከጮቄ ተራራ ግርጌ እስከ ዓባይ አፋፍ በተዘረጋው የጤፍ፣ የስንዴና የገብስ አገር፣ ዝምድና ለዘመናት የመሬት ጉዳይም ነበር። እስከ 1967 ዓ.ም. ድረስ አብዛኛው ገበሬ የሚያርሰው ርስቱን ነው፤ የርስት መብት የሚገኘው ደግሞ በመወለድ ነው። መሬቱን መጀመሪያ ያቀናው ሰው “አቅኚ አባት” ይባላል፤ የእርሱ ተወላጅ መሆኑን ያስረዳ ሁሉ ድርሻ ይጠይቃል። ቆጠራው በወንድም በሴትም በኩል ይሄዳል። ሴት ልጅ እንደ ወንድሟ ትወርሳለች፣ ለልጆቿም ታወርሳለች፣ ሌላ አገር ብታገባ እንኳ በተወለደችበት ደብር ያላት መብት አይቋረጥም።

ከዚህ የተነሣ ማንም ሰው የአንድ ጎሣ ብቻ ልጅ ሆኖ አይቀርም። ስምንት ቅድመ አያቶች ያሉት ገበሬ ቢያንስ በስምንት መስመር ርስት ሊጠይቅ ይችላል፤ ወደ ላይ በወጣ ቁጥር መስመሩ ይበዛል። ሁሉንም መጠየቅ ግን አይቻልም። መሬቱ ያው አንድ ነው፤ ጠያቂው ብዙ ነው። በ1950ዎቹ በደጋ ዳሞት ተቀምጦ ሥርዓቱን ያጠናው አሜሪካዊው አንትሮፖሎጂስት አለን ሆበን በ1973 እ.ኤ.አ. ባሳተመው መጽሐፍ እንዳሳየው፣ ገበሬው ከብዙ አባቶቹ መካከል የሚያዋጣውን መርጦ ይከራከራል፤ ሌላውን ለልጆቹ ወይም ለተሻለ ቀን ያቆየዋል። የተወላጆቹን ወገን ወክሎ የሚከራከረውና ድርሻ የሚያከፋፍለው ሰው ፈጅ ይባላል።

የትውልድ ሐረግ መቁጠር የሽማግሌ ጨዋታ ብቻ ያልነበረው ለዚህ ነው። ከአቅኚ አባት እስከ ራሱ ድረስ ያለውን ስም ሳያዛንፍ የሚቆጥር ሰው በችሎት ፊት ማስረጃው አፉ ላይ ነው። ያው ዕውቀት ለጋብቻም ያስፈልጋል፤ በሰባት ቤት ውስጥ ያለ ዘመድ ስለማይጋባ፣ ሽማግሌዎች እሺ ከማለታቸው በፊት የሁለቱን ወገን አያት ቅድመ አያት ይመረምራሉ። የጎጃምን ትውልድ በጽሑፍ በሰፊው ያስቀመጡት አለቃ ተክለ ኢየሱስ ዋቅጅራ መሆናቸው የሚያስገርም ነው፤ እርሳቸው ከወለጋ የኦሮሞ ቤተሰብ ተወልደው በልጅነታቸው ወደ ጎጃም የመጡና በጎጃሙ ንጉሥ ተክለ ሃይማኖት ቤት ያደጉ ሠዓሊና ጸሐፊ ነበሩ። አገሬው ሁሉ የየራሱን መስመር ሲቆጥር፣ የሁሉንም አንድ ላይ የሰበሰበው ከውጭ የመጣ ሰው ነው።

የርስት ሥርዓቱ ዘመድን ከዘመድ ያጣላ ነበር። የርስት ሙግት ተከራካሪዎች ባዕዶች ሳይሆኑ የአንድ አያት ልጆች ናቸው፤ ክርክሩ አንዳንዴ ከአባት ወደ ልጅ ይተላለፋል። መብቱ ለሁሉ የተከፈተ ቢመስልም ጭቃ ሹም የሆነ፣ ወይም ዳኛ የሚያውቅና ለሙግት ስንቅ ያለው ሰው ከድሃው የአጎት ልጅ ይልቅ ብዙ መሬት ይይዝ ነበር። ሙስሊሙ ነጋዴ፣ ሸማኔው፣ ቀጥቃጩና ሸክላ ሠሪው በአብዛኛው ከርስት ውጭ ነበሩ። ስለ ቀድሞው ቤተሰብ መልካምነት ብቻ የሚያወራ ታሪክ እነዚህን ይዘላል።

ጋብቻው በአብዛኛው የሰማንያ ነበር። ቁርባን የካህናትና በዕድሜ የገፉ ባልና ሚስት ጋብቻ ነው፤ ፍቺ ስለሌለው ወጣቱ ይፈራዋል። በሰማንያ ሁለቱ ወገኖች በሽማግሌ ተገናኝተው ለጎጆው የሚሆን ከብትና እህል ተመጣጣኝ አድርገው ያወጣሉ፤ ጋብቻው ቢፈርስ ንብረቱ ይካፈላል። ፍቺ ብዙ ነበር፣ እንደ ነውርም አይቆጠርም። ሴቲቱ የራሷ ርስት ስላላት ወደ ወላጆቿ ቤት ባዶ እጇን አትመለስም። የሥርዓቱ ክፉ ጎን የዕድሜው ጉዳይ ነው። ስምምነቱ የወላጆች በመሆኑ ልጅቱ ገና በሕፃንነቷ ትታጫለች። በ1997 ዓ.ም. የተካሄደው ብሔራዊ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት እንኳ በአማራ ክልል የሴቶች የመጀመሪያ ጋብቻ መካከለኛ ዕድሜ 14 ዓመት አካባቢ መሆኑን አሳይቷል።

በመኳንንቱ ዘንድ ጋብቻ ፖለቲካ ነው። የጎጃም ገዥ የነበሩት ራስ ኃይሉ ተክለ ሃይማኖት ልጃቸውን ሰብለ ወንጌልን ለልጅ ኢያሱ ዳሩ። ኢያሱ ከሥልጣን ከወረደ ከዓመታት በኋላ፣ በ1924 ዓ.ም. ከፍቼ እስር ሲያመልጥ ራስ ኃይሉ እጃቸው አለበት ተብለው ጎጃምን አጡ፤ አማችነት ሥልጣን ሲያስከፍል ከታየባቸው ጊዜያት አንዱ ነው። በደብረ ማርቆስ አጠገብ በእንዶዳም ኪዳነ ምሕረት የተወለዱት ሐዲስ ዓለማየሁ በ1958 ዓ.ም. ባወጡት “ፍቅር እስከ መቃብር” ልብ ወለድ ፊታውራሪ መሸሻ ለልጃቸው በአጥንት የሚመጥን ባል ሲጠብቁ ልጅቱ ያለ ባል መቆየቷ፣ በዚሁ ልማድ ላይ የቀረበ ክስ ነው።

የተራው ገበሬ ቤት ከሚታሰበው ያነሰ ነበር። አባት፣ እናት፣ ያላገቡ ልጆች፣ ምናልባት አንድ እረኛና አንዲት አሮጊት አያት ይኖሩበታል። ያገባ ልጅ ጥቂት ጊዜ በአባቱ ግቢ ቆይቶ ጎጆ ይወጣል። ትልቁ የዘመድ ክበብ የሚታየው ከቤት ውጭ፣ በደቦና በወንፈል፣ በሠርግና በልቅሶ ላይ ነው። ደም የማያገናኘውም በሌላ መንገድ ይገባበታል፦ ክርስትና አባትና የልጁ ወላጆች አበ ልጅ ይሆናሉ፣ መጠጊያ የፈለገ ሰው የጡት ልጅ ይሆናል። ሽማግሌ ወላጅ በነፍስ አባቱና በምስክሮች ፊት ሲናዘዝ የጧሪ ቀባሪው ልጅ ነገር ይነሣል፤ ወላጁን ጦሮ፣ ቀብሮና ተዝካሩን ያወጣ ልጅ በውርስ ክርክር ጊዜ ቃሉ ይሰማል።

ቤተሰብና መሬት እንዲህ ስለተሳሰሩ፣ የመንግሥት መሬት ለኪ ወደ ጎጃም በመጣ ቁጥር ጠብ ይነሣ ነበር። ከጣሊያን ወረራ በኋላ በ1930ዎቹ መሬትን በመለካት ግብር ለመጣል የተደረገው ሙከራ ተቃውሞ ገጠመው። ፍርሃቱ ስለ ብሩ ብቻ አልነበረም፤ መሬቱ ተለክቶ በአንድ ሰው ስም ከተጻፈ የሌሎቹ ተወላጆች ጥያቄ ይዘጋል። በ1960 ዓ.ም. የግብርና ገቢ ግብር ሲታወጅ በደጋ ዳሞት፣ በሞጣና በብቸና ገበሬው መሣሪያ አንሥቶ ሸፈተ። ጦር ቢላክም አልበረደም። በመጨረሻ አፄ ኃይለ ሥላሴ ውዝፉን ግብር ማሩ፤ ጠቅላይ ገዥው ደጃዝማች ፀሐዩ እንቍሥላሴም ከጎጃም ተነሡ።

የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የታወጀው የገጠር መሬት አዋጅ ግን ነገሩን ከሥሩ ነቀለው። መሬት የሕዝብ ሆነ፤ መሸጥና ማውረስ ተከለከለ፤ የአንድ ቤተሰብ ይዞታ ከ10 ሄክታር እንዳይበልጥ ተወሰነ። ወጣቱ ጎጆ ሲወጣ መሬት የሚጠይቀው አባቱን ሳይሆን፣ አቅኚ አባትንም ቆጥሮ ሳይሆን፣ የገበሬ ማኅበሩን ሊቀ መንበር ሆነ። በ1989 ዓ.ም. በአማራ ክልል በተካሄደው የመሬት ሽግሽግ ደግሞ ቀድሞ በሹመት ላይ የነበሩ ቤተሰቦች ድርሻቸው ተቀነሰ፣ ምንም ያልነበራቸው ወጣቶችና ሴቶች አገኙ፤ በየመንደሩ የቀረው ቂም ግን ቀላል አልነበረም።

ከዚያ ወዲህ በገበሬው ሳጥን የሚቀመጠው የመሬት ደብተር ነው። የይዞታ ምዝገባ ሙከራ መጀመሪያ ከተካሄደባቸው ቦታዎች አንዱ ደብረ ማርቆስን የሚከበው የጎዛምን ወረዳ ነው። ደብተሩ የባልንም የሚስትንም ስምና ፎቶግራፍ ይይዛል፤ በፍቺ ጊዜም የሴቲቱ ማስረጃ ነው። የቤተሰብ ሕጉም የሴት ልጅን የጋብቻ ዕድሜ ወደ 18 አድርሶታል። ክልሉ ውርስን በሕግ ከፈቀደ በኋላ መሬቱ እንደገና ከወላጅ ወደ ልጅ መተላለፍ ጀምሯል፤ ግን ወደ ሩቅ ተወላጅ አይዘልቅም፣ ቁራጩም አነስተኛ ነው። ለአራትና ለአምስት ልጆች የማይበቃ ስለሆነ አንዳንዱ ልጅ ወደ ደብረ ማርቆስ ወይም ባሕር ዳር ይገባል፣ ሌላው ለሰሊጥ አጨዳ ወደ ሑመራና መተማ ይወርዳል። መሬቷን ማረስ የማትችል ባሏ የሞተባት ሴት ለልጇ ወይም ለአማቿ በእኩል ትሰጣለች፤ ምርቱን በአውድማ ላይ ይካፈላሉ።