የማተርሆርን ገመድ

በስዊስና በኢጣልያ ድንበር ላይ፣ ከዘርማት መንደር በላይ፣ አራት ገጽ ያለው ሹል ተራራ ለብቻው ቆሞ ይታያል። ስሙ ማተርሆርን ሲሆን ከፍታው 4,478 ሜትር ነው። ዛሬ በየበጋው ብዙ ሰዎች በሆርንሊ ሸንተረር በኩል፣ በአስቸጋሪ ቦታዎች የተተከሉትን ወፋፍራም ገመዶች እየጨበጡ ይወጡታል። እስከ 1865 እ.ኤ.አ. ድረስ ግን ጫፉን የረገጠ ሰው አልነበረም። በዚያ ዓመት የደረሰው አደጋ የሙያችንንም ጉዳይ የሚነካ በመሆኑ፣ የማኅበራችን አባላት ቢያስታውሱት ይጠቅማል።

ኤድዋርድ ዊምፐር በእንጨት ላይ ሥዕል እየቀረጸ የሚተዳደር የ25 ዓመት እንግሊዛዊ ነበር። ከ1861 ጀምሮ ተራራውን በኢጣልያ በኩል ደጋግሞ ሞክሮ አልተሳካለትም። ጁላይ 14 ቀን 1865 ግን ሃድሰን፣ ሃዶውና ዳግላስ ከተባሉ ሦስት የአገሩ ሰዎች፣ ከፈረንሳዊው መሪ ከሚሼል ክሮ፣ እንዲሁም ከዘርማት መሪዎች ከፒተር ታውግቫልደርና ከልጁ ጋር ሆኖ፣ ከቀኑ 7 ሰዓት ከ40 ላይ ጫፉ ደረሰ።

ሲወርዱ ልምድ ያልነበረው የ19 ዓመቱ ሃዶው አዳለጠውና ከፊቱ የነበረውን ክሮን መታው። ሁለቱ ሲወድቁ ሃድሰንንና ዳግላስን ጎትተው ወሰዱ። ሽማግሌው ታውግቫልደርና ዊምፐር ዐለቱን ሙጥኝ ብለው ቢይዙም፣ በዳግላስና በታውግቫልደር መካከል ያለው ገመድ ተበጠሰ። አራቱም 1,200 ሜትር ያህል ቁልቁል ወደ በረዶው ተወረወሩ።

ወዲያው «ታውግቫልደር ራሱን ለማዳን ገመዱን ቆረጠው» የሚል ወሬ ተነዛ። በዚያው ወር ዘርማት ላይ የተደረገው ምርመራ ነፃ ቢያወጣውም፣ ሐሜቱ ዕድሜውን ሙሉ ተከተለው።

የተበጠሰው ገመድ ግን የራሱን ምስክርነት ይሰጣል። ተጓዦቹ ሦስት ዓይነት ገመድ ይዘው ነበር። ከእነዚህ አንዱ፣ በለንደን የሚገኘው የአልፕስ ተራራ ወጪዎች ማኅበር በ1864 ገመዶችን በኮሚቴ ካስፈተነ በኋላ የመረጠው ነበር። የተበጠሰው ደግሞ ከሦስቱ ቀጭኑና ደካማው፣ ለመጠባበቂያ ብቻ የመጣው ነው። የተሻለው ገመድ ሳይታሰር ተርፎ ነበር።

አባቶቻችን «ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» ይላሉ። ክሮች ጎን ለጎን ሲሰለፉ ኃይላቸው ይደመራልና አባባሉ እውነት ነው። ጫፍና ጫፍ ሲቀጣጠሉ ግን የሁሉም ኃይል ከደካማው ክፍል አይበልጥም። ሰባት ሰዎች በአንድ መሥመር ሲታሰሩ የነበሩበት ሁኔታ ይህ ሁለተኛው ነው።

ዊምፐር በ1871 ባሳተመው መጽሐፍ፣ ደካማው ገመድ መታሰሩ ሽማግሌውን እንደሚያስጠረጥረው ጽፏል። ይሁን እንጂ ለመውረድ ሲተሳሰሩ እርሱ የተራራውን ጫፍ ሥዕል እየነደፈ እንደነበረና የትኛው ገመድ የት እንደታሰረ ያወቀው ከአደጋው በኋላ እንደሆነ የነገረንም እርሱው ነው። የተፈተነ ዕቃ በእጅ እያለ ያልተፈተነው ሥራ ላይ ሲውል፣ ያሰረውን ሰው ብቻ መጠየቅ ምርመራውን በግማሽ መንገድ ማቆም ይሆናል። ከመነሣታቸው በፊት እያንዳንዱን ቋጠሮ የመመልከት ግዴታ የመሪው ነበር።

የተበጠሰው ገመድ ዛሬ በዘርማት ሙዚየም በመስታወት ውስጥ ተቀምጧል። ውፍረቱን ያየ መሐንዲስ፣ በሥራ ቦታው ስለሚፈርምበት የዕቃ ርክክብ ቅጽ ሳያስብ አያልፍም።